ሰንዓ፦ ከቦምብ የተረፈውን ቤት ዝናብ ለምን ጣለው?

(ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 12፣ 2015። በየመን ዋና ከተማ በሰንዓ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ አል-ቃሲሚ የሚባል ሰፈር በአየር ጥቃት ተመታ። ለመቶዎች ዓመታት የቆሙ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች በቅጽበት የጡብና የአፈር ክምር ሆኑ። ቢያንስ 5 ሰዎች ሞቱ። ነዋሪዎቹ "የመታን በሳዑዲ የሚመራው ጥምር ጦር ነው" አሉ። ጥምር ጦሩ ደግሞ "እኔ አይደለሁም" አለ። ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ ዩኔስኮም አወገዘ።

ኦገስት 2020። ከተማዋ ያችው ናት፣ በዚህ ጊዜ ግን የመጣው ከባድ ዝናብ ነው። የታሪካዊ ከተሞች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ያኔ ለሮይተርስ እንደተናገሩት የ107 ቤቶች ጣሪያ በከፊል ተደረመሰ። ወደ 5,000 የሚጠጉት ደግሞ ጣሪያቸው ያፈሳል። ይሄ በዚያ የ2015 ጥቃት ከወደሙት ቤቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፎቶው ግን የቦምቡን ያህል አልዞረም።

ለመሆኑ መቶዎች ዓመታት ዝናብ የቻለ ቤት እንዴት ድንገት አቃተው? መልሱ ሲገባን፣ ጦርነት አንድን ከተማ እንዴት እንደሚያፈርስም ይገባናል።

ሰንዓን ለማታውቋት

የመን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የጀልባ ጉዞ፣ ደላላና ወደ ሳዑዲ ለመሻገር በዚያ የሚያልፉ ወገኖቻችን ናቸው። እውነት ነው፣ ያለ ነገር ነው። ግን አገሪቱ ሌላም ነገር አላት።

ሰንዓ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ትላለች። ሰው ከ2,500 ዓመት በላይ ኖሮባታል። በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን እስልምና ከተስፋፋባቸው ዋና ዋና ማዕከላት አንዷ ነበረች። ዩኔስኮ በ1986 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቆጠረው 103 መስጊድ፣ 14 ሃማም (የሕዝብ መታጠቢያ ቤት) እና ከ6,000 በላይ መኖሪያ ቤት ነው።

ይችን የመጨረሻ ቁጥር ያዙልኝ። አንድ ግንብ ወይም አንድ ቤተ መንግሥት ቢሆን በር ዘግቶ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ ቲኬት እየቆረጡ መጠበቅ ይቻላል። እዚህ ግን ቅርሱ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ልብስ ይሰጣበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ልጅ ያድግበታል። ያንን ቤት የሚጠብቀው ወይም የሚጥለው እዚያው የሚያድረው ቤተሰብ ነው።

ቤቶቹ እንዴት ነው የተሠሩት?

የሰንዓን ቤት በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ የተመዘዘ፣ መስኮቱ ዙሪያ ነጭ ጌጥ ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ኬክ የሚመስል።

የታችኞቹ ፎቆች ከድንጋይ ነው የሚሠሩት፣ ብዙ ጊዜም ከጥቁር ድንጋይ። በድሮው አኗኗር ምድር ቤቱ የከብትና የእህል ነበር። ከድንጋዩ በላይ ያሉት ፎቆች በእሳት የተጠበሰ ጡብ ናቸው። ነጩ ጌጥ ጀሶ ነው። በየመስኮቱ አናት ላይ ቀመሪያ የሚባል፣ በጀሶ ውስጥ ባለቀለም መስታወት የተሰካበት ግማሽ ክብ መስኮት አለ። ፀሐይ ስትገባበት ክፍሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይሆናል። አናቱ ላይ መፍረጅ የሚባል ክፍል አለ። እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ጫት የሚቃምበት፣ ከተማዋ ቁልቁል የምትታይበት ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ያደጋችሁ ይሄኛው ወግ ቶሎ ይገባችኋል።

ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። የእንጨት ወራጅ ተደርድሮ በላዩ ላይ ጭራሮና ቅርንጫፍ ይነጠፋል። ከዚያ ጭቃ በንብርብር ይጠቀጠቅና ውሃው ወደ አሸንዳው እንዲወርድ በትንሹ ዘንበል ተደርጎ ይለሰናል።

ከተማዋ ውስጥ ደግሞ የአትክልት ቦታዎች አሉ፣ ብዙዎቹ መስጊድ አጠገብ። ሰጋጆች ለውዱእ የታጠቡበት ውሃ ወደ አትክልቱ ይፈስና ያጠጣዋል። መስጊዱም አትክልቱም በወቅፍ፣ ማለትም ሰዎች ለመስጊድ ወይም ለበጎ ሥራ በሰጡት ንብረት ገቢ ይተዳደራሉ። ስለዚህ ከተማዋ ላይ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ነው የሚበላሸው። ወቅፉ ገቢ ካጣ መስጊዱ አይጠገንም፣ ውሃው ከተቋረጠ አትክልቱ ይደርቃል።

ጭቃ ቤት በየዓመቱ ዕዳ አለው

ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ለማንም አያስረዳም። ከክረምት በፊት ምርጊት አለ። ጣሪያ ይታያል፣ ስንጥቅ ይደፈናል፣ አሸንዳ ይጠረጋል። ካልተደረገ ሐምሌ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ሰንዓም ያው ነው። ቤቱ መቶ ዓመታት ቆየ ሲባል አንዴ ተሠርቶ ተቀመጠ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ሰው ጣሪያው ላይ እየወጣ፣ ጭቃውን እያደሰ፣ የወለቀውን ጡብ እየተካ፣ የበሰበሰውን ወራጅ እየቀየረ ነው እዚህ የደረሰው።

ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ትንሽ ገንዘብ፣ ሙያውን የሚያውቅ ግንበኛ፣ እና ቤቱ ውስጥ የሚኖር ባለቤት። ከሦስቱ አንዱ ሲጠፋ ቤቱ ወዲያው አይወድቅም። ውሃ በጣሪያው ስንጥቅ ይገባል፣ ወራጁን ያበሰብሳል፣ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይነፋና ይሰነጠቃል። ይሄ አምስት ወይም ስድስት ክረምት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል። ሰው "ዝናብ አፈረሰው" ይላል። ቤቱ ግን ማፍሰስ ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል።

ችግሩ ከጦርነቱ በፊትም ነበር። በ1970ዎቹ ከተማዋ የቧንቧ ውሃ ስታገኝ የፍሳሽ ማስወገጃው እኩል አልሄደም፣ እና ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ የቤቶቹን መሠረት መብላት ጀመረ። በ1984 ዩኔስኮ ሰንዓን ለማዳን ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጠራ። መንገዶች በድንጋይ ተነጠፉ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር ተስተካከለ፣ ቤቶችና የንግድ ቤቶች ታደሱ። ሥራው በ1995 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ያኔ ሰንዓ የዳነች መሰለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ

ሴፕቴምበር 2014 ሁቲዎች ሰንዓን ያዙ። ማርች 2015 በሳዑዲ የሚመራው ጥምር ጦር የአየር ጥቃት ጀመረ። በዚያው ዓመት ከአል-ቃሲሚ ሰፈር በፊት ከአሮጌው ከተማ ግንብ ወጣ ብሎ ያለው የኦቶማን ዘመን ሕንፃ ተመትቷል። ጁላይ ላይ ዩኔስኮ ሰንዓንና በሐድረመውት ያለችውን የሺባም ከተማ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ሺባም ማለት "የበረሃዋ ማንሃተን" የምትባለዋ፣ እስከ ሰባት ፎቅ የሚደርሱ የጭቃ ጡብ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። "አደጋ ላይ ያለ ቅርስ" ዝርዝር ውስጥ መግባት ቅጣት አይደለም። "ይሄ ቅርስ እየጠፋ ነው፣ ገንዘብና ባለሙያ ይምጣ" የሚል የድረሱልን ጥሪ ነው።

ቦምብ ቀጥታ የመታው ቤት ያው ወድቋል። በአቅራቢያው የወደቀ ቦምብ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ንዝረቱ ቀመሪያውን ይሰብራል፣ ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል፣ የጣሪያውን ጭቃ ያላቅቀዋል። ከውጭ ስታዩት ቤቱ ደህና ነው። ውሃው ግን መግቢያ አግኝቷል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የከበደው የገንዘቡ ነገር ነው። ሴፕቴምበር 2016 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ኤደን (የመን ያለችው የወደብ ከተማ) ተዛወረ። ከዚያ በኋላ በሁቲዎች አካባቢ ያሉ አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች መደበኛ ደመወዛቸው ተቋረጠ። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሁሉም።

አሁን እነዚያን ሦስት ነገሮች አስታውሱ። ገንዘቡ ጠፋ። ግንበኛው የሚከፍለው ስላጣ ሌላ ሥራ ፈለገ፣ ወይም ተሰደደ። ባለቤቱም ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ወይም እዚያው ሆኖ ጣሪያውን በፕላስቲክ ሸፈነ። በልጆቹ ራት እና በጣሪያው ጭቃ መካከል ምረጥ የተባለ አባት የቱን እንደሚመርጥ መቼም ይገባችኋል። ትክክልም ነው።

የ2020ው ዝናብ ሲመጣ ያገኘው እንደዚህ የቆየ ቤት ነው። ዝናቡ ራሱም ከባድ ነበር፣ ያን ክረምት የመን ውስጥ ብዙ ቦታ ጎርፍ ሰው ገድሏል። የጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊም ያኔ ያነሱት ይሄንኑ ነው፦ ነዋሪዎች ቤቶቹን እንደ ድሮው አይጠግኑም፣ በዚህም ምክንያት ቤቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ደክመዋል። በዚያው ወር በሰንዓ ከፈረሱት ቤቶች አንዱ የታላቁ ዓይነ ስውር ገጣሚ የአብዱላህ አል-በረዱኒ ቤት ነበር።

"ሰው እየተራበ ስለ ጡብ ታወራላችሁ?"

ይሄ ጥያቄ ኮሜንት ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መምጣትም አለበት። በየመን ኮሌራ ገብቷል፣ ረሃብ ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2021 ባወጣው ግምት፣ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ 377,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ነበር። ይሄን ሁሉ ሕይወት ወደ ጎን ትቶ ስለ ባለቀለም መስኮት ማውራት ያሳፍራል።

ግን ያንን ሪፖርት ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ከእነዚያ ሟቾች ወደ 60 በመቶ የሚሆኑትን የገደላቸው ጥይትና ቦምብ አይደለም። ረሃብ፣ በቀላሉ የሚታከም በሽታ፣ የንጹህ ውሃ ማጣት፣ የሆስፒታል መዘጋት ነው። አብዛኞቹም ትንንሽ ልጆች ናቸው። ጦርነቱ መድኃኒቱን፣ ደመወዙን፣ መንገዱን አቋረጠ፣ የቀረውን ተቅማጥ ጨረሰው።

የሰንዓ ቤትም የሚሞተው እንዲሁ ነው። ቦምብ የገደለው ቤት ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወገዛል። ጥገና አጥቶ የሞተው ቤት ግን "አርጅቶ ወደቀ" ተብሎ ያልፋል። ሁለቱንም የገደላቸው አንድ ጦርነት ነው።

ደግሞ ቤት የሌለው ቅርስ ላይ አይደለም የምንነጋገረው። ጣሪያ ሲወድቅ ከሥሩ ቤተሰብ አለ። ያንን ጣሪያ መጠገን ማለት ያ ቤተሰብ ተፈናቃይ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

ታዲያ በጦርነት መሐል ምን ተሠራ?

በ2018 ዩኔስኮ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አንድ ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡን ለማስረዳት የኛን የከተማ ሴፍቲኔት አስቡ። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ይሰጠዋል፣ በሠራበት ይከፈለዋል። ልዩነቱ፣ የሰንዓው ሥራ መንገድ መጥረግ ሳይሆን የፈረሰ ታሪካዊ ቤት መጠገን መሆኑ ነው። በሰንዓ፣ በሺባም፣ በዘቢድና በኤደን ወደ 4,000 ወጣቶችን ለማሠራት ታቅዶ ነበር የተጀመረው። ገንዘቡን ወደ መሬት ያወረደውና ሥራውን የመራው በአብዛኛው የየመን የማኅበራዊ ልማት ፈንድ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተጠገኑ።

ሥራው በግምት እንዲህ ነው የሚሄደው፦

1. መጀመሪያ ይቆጠራል። ወጣት መሐንዲሶች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ጉዳቱን ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይለካሉ። ከመሐንዲሶቹ ሴቶችም አሉበት።

2. ሊወድቅ የደረሰው ይደገፋል። ግድግዳው በእንጨት ይያዛል፣ የተንጠለጠለው ይወርዳል። ይሄ ቤት ማዳን ብቻ አይደለም፣ ከሥር የሚያልፈውንም ሰው ማዳን ነው።

3. ቀጥሎ ጣሪያ። ጌጡ ይቆየን፣ ቀመሪያው ይቆየን፣ መጀመሪያ ውሃው ይቁም ነው ነገሩ። የሚያፈስ ቤት ውስጥ ግድግዳ ማሳመር ገንዘብ መድፋት ነው።

4. ከዚያ ግድግዳ፣ ደረጃ፣ ፍሳሽ፣ በመጨረሻ ጌጥ።

በዚህ ሁሉ መሐል ወጣቱ ከአንጋፋ ግንበኞች ሥር ሆኖ ሙያውን ይማራል። ለእኔ ከጡቡም በላይ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። የቀን ክፍያው ያልቃል፣ እጅ ላይ የገባ ሙያ ግን ነገ ያለ ዩኔስኮም ጣሪያ ይጠግናል።

ሙያ እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ አንድ ጥሩ ታሪክ አለ። ከሰንዓ ደቡብ ምሥራቅ፣ ረዳዕ በምትባል ከተማ፣ በ1504 የተሠራ አል-አሚሪያ የሚባል መስጊድና መድረሳ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ሰልማ አል-ራዲ የተባለች ኢራቃዊት አርኪዮሎጂስት ሥራውን ጀመረች፣ ከ20 ዓመት በላይም ቆየችበት።

የሕንፃው ጣሪያና ግድግዳ የተለሰነው ቁዳድ በሚባል ነገር ነው። ኖራና ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጠጠር ተቀላቅሎ ለቀናት ይደበደባል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በመጨረሻም የእንስሳ ስብ ይቀባል። ሲያልቅ ውሃ አያስገባም። ግን አሠራሩን የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተው ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም ወደ ሲሚንቶ ዞሯል። እነዚያን ሽማግሌዎች ፈልገው፣ እየሞከሩ፣ እየተሳሳቱ ቁዳድን መለሱት። በሕንፃው ላይ የሠለጠኑት ግንበኞችም በኋላ ሌላ ቦታ ሠሩበት። በ2007 አሚሪያ የአጋ ካንን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት ሌሎች ሥራዎች መካከል የሺባም ከተማ እድሳት ነበረበት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሕንፃም ነበረበት።

ሲሚንቶ ብንጠቀም ምን ችግር አለው?

ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ በየዓመቱ ምርጊት አይፈልግም። ታዲያ ለምን ባለሙያዎቹ ይቃወማሉ?

ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። ጭቃና ጡብ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ውስጥ ይቀራል፣ ጡቡን ከውስጥ ይበላዋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ከጭቃው ይበልጥ ድርቅ ያለና ከባድ ስለሆነ አብሮት አይላወስም፣ ይላቀቃል። ከላይ ደህና የሚመስል፣ ከውስጥ ግን የበሰበሰ ግድግዳ ይሆናል።

ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ስንሆን ደግሞ ምን እንደሚመጣ ዘቢድ ታሳያለች። ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ዋና ከተማ የነበረች፣ በእስልምና ትምህርት የታወቀች ከተማ ናት። በ1993 የዓለም ቅርስ ሆነች። በ2000፣ ማለትም ይሄ ጦርነት ከመጀመሩ 15 ዓመት ገደማ በፊት፣ አደጋ ዝርዝር ውስጥ ገባች። ምክንያቱ ከቤቶቿ ወደ 40 በመቶው በኮንክሪት ሕንፃ ተተክተው ነበር። ዘቢድ ላይ ጥፋቱን የጀመረው ጦር አልነበረም፣ ኑሮና ቸልተኝነት ነው።

በ"ማደስ" ስም የሚመጣም ጥፋት አለ። በ2021 መጀመሪያ አሮጌው ሰንዓ ውስጥ ናህራይን የሚባለው ጥንታዊ መስጊድ በከተማዋ ባለሥልጣናት ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ሐሳቡ አፍርሶ አዲስ መሥራት ነበር። ነዋሪዎችና የቅርስ ባለሙያዎች ተቃወሙ፣ ግን ሕንፃው አልተመለሰም። ጥገና ማለት ያለውን ማቆየት ነው። አፍርሶ እሱን የሚመስል መሥራት ሌላ ነገር ነው።

ለምን አፍርሶ መሥራት አይሆንም ለምትሉ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1972 የሰንዓ ታላቁ መስጊድ ሲጠገን ሠራተኞች ጣሪያው አካባቢ የታጨቀ የብራና ክምር አገኙ። ሲታይ ከጥንታዊዎቹ የቁርዓን ቅጂዎች መካከል የሚቆጠሩ ገጾች ነበሩበት፣ አንዳንዶቹ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን። በዶዘር አፍርሰው ቢሆን ኖሮ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄድ ነበር።

አሁንስ?

ሥራው አላለቀም። አገሪቱ ለሁለት የተከፈለ አስተዳደር አላት። ሰንዓ በሁቲዎች፣ ኤደን ዓለም አቀፍ እውቅና ባለው መንግሥት ሥር ነው። ስለዚህ ለአንድ ቅርስ ሁለት ዓይነት ፈቃድ፣ ሁለት ዓይነት ቢሮ አለ። ኤፕሪል 2022 የተደረገው ተኩስ አቁም የአየር ጥቃቱን አስታግሶ ነበር። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እስራኤል ሰንዓ ውስጥ ያሉ ቦታዎችን በአየር መትታለች። ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለጋሹ ሲደክመው ይቆማል። ጭቃ ጣሪያ ግን ለጋሽ እስኪገኝ አይጠብቅም፣ በየክረምቱ ይፈልጋል።

እኛንስ ምን አገባን?

አንደኛ፣ ታሪኩ ውስጥ አለንበት። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም ጦር ጋር የተሻገረውና በኋላ የመን ላይ የነገሠው አብርሃ ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ነበር። አረቦቹ አል-ቀሊስ ይሉታል፣ ቦታው እስከ ዛሬ አሮጌው ከተማ ውስጥ ይታያል። ታላቁ መስጊድ ውስጥ ካሉት ዓምዶች አንዳንዶቹ ከዚያ የተወሰዱ እንደሆኑ ይታመናል።

ሁለተኛ፣ ይሄ ነገር እኛም ጋር ደርሷል። በትግራይ ነጋሽ ያለው የአል-ነጃሺ መስጊድ ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት በቱርኩ ቲካ ድጋፍ ታድሶ ነበር። በ2020 መጨረሻ ጦርነቱ ሲመጣ ጉዳት ደረሰበት፣ ተዘረፈም። ያኔ ሁላችንም ፎቶውን አይተን ተናደናል። ንዴቱ ልክ ነው። ግን ፎቶ ያልተነሱት፣ ስማቸው የማይታወቀው የገጠር መስጊዶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና የድሮ ቤቶችስ? ጣሪያቸውን የሚያይ ሰው ተፈናቅሎ ስንት ክረምት አለፈባቸው?

ሦስተኛ፣ ጦርነት የሌለበትም ቦታ ይመለከተዋል። ሐረር ጀጎል በ2006 የዓለም ቅርስ ስትሆን 82 መስጊዶች ተቆጥረውባታል። እዚያም ቅርሱ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። እዚያም ጥያቄው አንድ ነው፦ ዘንድሮ ጣሪያውን ማን ያየዋል?

እኔና እናንተ ምን ማድረግ እንችላለን?

ስልካችሁ ላይ ካሜራ አለ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን የፈረሰ ቤት መልሶ የሚሠራ ግንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ድሮ ምን ይመስል ነበር?" ብሎ ነው። ስለዚህ፦

👉 ሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ ቤት፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አንሱ። ሴልፊ ሳይሆን ሕንፃውን። ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከዚያ ጠጋ ብላችሁ በሩን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን። ውስጥ ለመግባት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

👉 ቀኑንና የቦታውን ስም ጽፋችሁ ከስልካችሁ ውጭም አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

👉 የቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለው የድሮ ፎቶ ከጀርባው ሕንፃ ካለው ስካን አድርጉት።

👉 የሰፈሩን አንጋፋ ግንበኛ ቪዲዮ ቅዱ። ጭቃውን በምን እንደሚያቦካ፣ ስንት ቀን እንደሚያቆየው፣ ጭዱን መቼ እንደሚጨምር ይንገራችሁ።

👉 ግጭት ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ግን ሎኬሽን አትልቀቁ፣ ውስጥ ያለውን ውድ ዕቃም አታሳዩ። ዘራፊም ፌስቡክ ያያል።

👉 እና እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጭቃ ቤት ካላቸው፣ ከክረምት በፊት ደውሉ። "ጣሪያው እንዴት ነው?" በሉ። ያፈሳል ካሉ፣ ሄዳችሁ እዩት ወይም ለምርጊቱ የሚሆን ላኩ።

ሰንዓን 2,500 ዓመት ያቆያት ይሄ ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን ይደፍናል። ጦርነቱ መጀመሪያ ያወረደው ያንን ሰው ነው።

ያነበባችሁት ለአንድ ሰው ሼር አድርጉ። የሰፈራችሁን አሮጌ ሕንፃ ፎቶ ከነስሙ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።